መሠረቱን ጠለቅ አድርገው

ኢየሩሳሌም፣ ከስግድ በዓል ማግስት

ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ ያ የወገቧ ሕመም ተሻላት? ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይስ በተኩሱ ምክንያት እንደገና ተዘጋ? የጎንደር ወሬ በተነሣ ቁጥር እማዬ ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ ትላለች፤ ዘግተንላት ደግሞ ምን አሉ ብላ ታደርቀናለች። እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ አለን። የእኔ ጉልበት ደረጃ ላይ እምቢ ይላል፣ የእማዬ ዓይን ደክሟል፣ ሌላው ደኅና ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስልኩ ከእማዬ ጭን አይለይም፣ አንተ በደወልክ ቁጥር ቀድማ የምታነሣው እሷ ናት። ለእሷ ሳይሆን ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው። የጎረቤታችን ልጅ መልካሙ ለአያቱ ተዝካር ወደ ጎንደር ስለሚሄድ በእሱ እጅ ይደርስሃል።

የምጽፍልህ ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። እዚህ ኢትዮጵያ መንገድ የሚሉት ሰፈር፣ ቤቷን የማጸዳላት አሮጊት ፕኒና ቀትር ላይ ጋደም ስትል ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጬ። የኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፤ ካገር የመጡ ተሳላሚዎች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ወሬያቸው ይሰማኛል። አንድ ቀን ድምፁ ቁርጥ አንተን የሆነ ሰው ሰምቼ መወልወያዬን ጥዬ እስከ በር ሮጥኩ። ጉድ እኮ ነው! የጎንደር ሰው ሊሳለም መጥቶ ይመለሳል፣ እናቱ እዚህ ያለች ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ ያረጃል። በጣም ተናደድኩ። ሰዎቹ ምን አደረጉኝ፣ ግን ተናደድኩ።

ወደ ነገሬ ልግባ። በቀደም ስትደውል፣ አማትህ አዘዞ በሰጡህ ቦታ ላይ ቤት ልሥራ ወይስ መምጣታችን ስለሆነ ልተወው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔም ሚስራዱ ሄጄ፣ ያው የናንተን የመምጣት ጉዳይ የያዘው ቢሮ ማለቴ ነው፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬህ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሳልሄድ ቀርቼ አይደለም።

ሥራ፣ ወንድሜ። ቤቱን ሥራ። እንዴት እንደምትሠራውም ልንገርህ፤ እዚህ ቃታሞኒም ሰፈር ያለውን አሮጌ ቤታችንን ሳሳድስ ነፍሴ ልትወጣ ነበርና መከራዬ ላንተ እንኳ ይጥቀምህ።

አስቀድመህ አፈሩን እይ። ያ መሬት መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጠቃል። መሠረቱን ጠለቅ አድርገው፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ጥቁሩን አፈር አስወጣ። ግንበኛው ይበቃል እንጀምር ቢልህ በጄ አትበል። እሱ አቁሞልህ ይሄዳል፣ የምትኖርበት አንተ ነህ። ሲሚንቶውን ካፈሰሱ በኋላ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣው፤ ደረቀ ብለህ አትተወው፣ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ሲጠጣ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ አትግዛ። ቆርቆሮው ከለበሰ በኋላ ይጣመምና ጣራህን ያንጋድድብሃል።

የኛ ሰው ቤት አሠራር ታውቀዋለህ መቼም። ለጊዜው ነው፣ ለጊዜው ነው እያለ ወለሉን ሳያስደለድል፣ ላስቲክ ወጥሮ ይገባበታል። በዚያ ለጊዜው ባሉት ቤት ስንት ልጅ ተወልዶ ተድሮበታል! አንተም ሻንጣህን አልጋ ሥር አድርገህ በኪራይ ቤት ጎረመስክ፣ ሸበትክ። ጣራው ሲያፈስ ባልዲ ትደቅናለህ እንጂ አንድ ቆርቆሮ አልቀየርክም፤ የሚሄድ ሰው ጣራ አያድስም ትል ነበር። አልስቅብህም። እኔም ያው ነኝ፣ እዚህ ደርሼ እንኳ ያው ነኝ። መታጠቢያ ቤታችን ማፍሰስ ሲጀምር፣ ወንድሜ ሲመጣ ሰፋ ወዳለ ቤት እንዛወራለን ብዬ ስንጥቁን ነጭ ሲሚንቶ እየቀባሁ ከረምኩ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ከታች ያለው ጎረቤታችን ራዝ የጣራው ልስን ሳህኑ ላይ ወደቀበትና ወጥቶ ጮኸብኝ። ምን እላለሁ? እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ነው ካብላን የጠራሁት፣ ተቋራጭ። አቪራን ይባላል፣ አባቱ የወገራ ሰው ናቸው፤ የሱ አማርኛ ግን ግማሹ ዕብራይስጥ ስለሆነ በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። ምንም ብትለው ይሄያ በሴዴር ይልሃል፣ ሁሉም ይስተካከላል ማለቱ ነው። ይህን ቃል የሚያበዛ ሠራተኛ ከገጠመህ ወንበር አምጥተህ አጠገቡ ተቀመጥ። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ አዲሱን የወለል ንጣፍ ሸክላ በአሮጌው ቧንቧ ላይ ደርድሮ ጨርሶታል። ያምራል፣ አላማረም አልልም። በሳምንቱ ራዝ ተመልሶ መጣ። ሁሉን አስነቀልኩ፣ ቧንቧው ተቀየረ፣ ወለሉ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ተቀባ። ከዚያ ፍሳሹን ደፍነን ወለሉን ውሃ ሞላነውና ለጥቂት ቀናት ተውነው። የራዝ ጣራ ደረቅ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ነው ሸክላ እንዲለጠፍ የፈቀድኩት። አንተም እንዲሁ አድርግ። የማይታየውን ሳትጨርስ የሚታየውን አታሳምር።

ሳሎናችን ጨለማ ነው። ብርሃኑን የያዘችው ከጎኑ ያለች ትንሽ ክፍል ናት፣ በመጣን ሰሞን እማዬ ያንተ ብላ የለየቻት። አልጋው ተዘርግቷል፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው። አቪራን ያንን ግድግዳ ልናደው፣ ብርሃን ይገባል፣ አሮጊቷ እናትሽም በጨለማ አትደናቀፍም ይለኝ ነበር። እጅህን ሰብስብ፣ የወንድሜ ክፍል ናት እለዋለሁ። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ያን ሰሞን ሚስራዱ ሄድኩ። እዚያ ቤት ሁልጊዜ ቆሜ ነው የምስተናገደው፤ ቁጥርሽ ገና ነው፣ ነገ ነይ፣ ኃላፊው የለም። የዚያን ዕለት ጸሐፊዋ ወንበር ሳበችልኝ። ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። በሩንም ዘጋችው። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቢሮ ውስጥ ውሃ ሲቀዳለት ምን ሊነገረው እንደሆነ ይገባዋል። ስለናንተ ጉዳይ የተናገረችኝን አልጽፍልህም፣ ሆድ ይፍጀው። ወጥቼ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወደ ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ መጣ፣ በሩን ከፈተልኝ፣ አልገባሁም። የሰው ስልክ ለምኜ አቪራንን ግድግዳውን አፍርሰው አልኩት።

ለነገሩ ግድግዳ የሚፈርስ ቢሆን ጣራውን የተሸከመ መሆን አለመሆኑን አስቀድመህ አስመርምር፤ እኔም አስመርምሬአለሁ። ለእማዬ ብርሃን እንዲገባልሽ ነው አልኳት። ቀኑ ተቆረጠላቸው ወይ እያለች በየማለዳው ትጠይቀኝ የነበረውን ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ተመስገን፣ ዕድሜዋ ነው፣ ረስታዋለች አልኩ። ስለዚህ አደራህን፣ ቤት መጀመርህን ለእሷ በስልክ እንዳትነግራት። ከሰማች ሁሉም ይገባታል፣ ልቧ አይችለውም።

ምን ቀረኝ? አዎ፣ ቆርቆሮውን ሲመቱ ምስማሩ በጉብታው ላይ ይሁን እንጂ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ አይሁን። መጸዳጃውን ከጉድጓድ ውሃው ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል አስቆፍረው። ሳይጨርሱ ደግሞ አትግባ፤ ባለቤትህ በአቧራና በጭቃ መሐል መኖር አይገባትም፣ በቃት። ጓሮህ ላይ ኮክ ትከል። ፍሬውን እስኪሰጥ ይቆያል ብለህ እንዳትተወው።

ደክሞኛል ወንድሜ። አንዳንዴ እኔም ትቼው ልምጣ ይለኛል፤ ከዚያ የእማዬን መድኃኒት አስብና ተነሥቼ ወለሉን እወለውላለሁ።

እዚህ ድረስ ጽፌ አጥፌው ነበር። አሁን የምጨምርልህ ቤት ገብቼ ነው።

ከሥራ ስመለስ እማዬ ሶፋው ላይ፣ አዲሱ ብርሃን ባለበት በኩል ተቀምጣ ጠበቀችኝ። መልካሙ መቼ ነው የሚሄደው ብላ ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ፣ እኔ ስለ መልካሙ አልነገርኳትም። ከጉያዋ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ስፈታው የዚያች ክፍል መዙዛ ነው፣ የኦሪቱ ቃል የተጻፈበት፣ በበሩ መቃን ላይ የነበረው። ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት አቪራንን አስነቅላው ኖሯል፤ እሱም እንዳትነግራት ብላው ምንም አልተነፈሰም። እኔ ፍርስራሹን ስጠርግ እንኳ አላስታወስኩትም።

እማዬ፣ ማን ነገረሽ አልኳት። ማን ይነግረኛል፣ ስታፈርሺው አይቼ የለም ወይ አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ጀርባዬን እየዳሰሰች መልእክቷን ነገረችኝ፤ አንዱም እንዳይቀር ብላኛለችና እንደነገረችኝ ልጻፈው። የበሩ መቃን ምስጥ የማይበላው እንጨት ይሁን፣ ወይራ ካገኘ ወይራ። ከደብዳቤው ጋር የሚሄደው መዙዛ ሰው ሲገባ በቀኝ በኩል ይሁን። በሩን ሰፋ አድርጎ ይሥራው፣ ሙሽራም ይገባበታል፣ አስከሬንም ይወጣበታል። ልጆቹን ዛሬ ነገ እያለ ከትዳር እንዳያዘገያቸው።

የአባቶቻችን አምላክ የምትቆፍረውን መሬት ያጽናልህ፣ የምታለብሰውን ጣራ ከበረዶና ከእሳት ይጠብቅልህ። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም በስማችሁ እየጠራች መርቃችኋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ለምናሃለች። መዙዛውን በሩ ላይ ስትመታ ደውልላትና ስልኩን ከመቃኑ አጠገብ ያዘው። የመዶሻውን ድምፅ ልስማው ብላሃለች።

የእናትህ ልጅ፣
እኅትህ