አቅም ላነሰው ኮምፒውተር የተላከ በሶ

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፤

«የፎቶ ቤቱ ልጅ አቅም አንሶት ካርድ ሊያወጣ ባሕር ዳር ሄደ» ሲባል ቡሬ መናኸሪያ መስማትሽን ሃያት ነገረችኝ። ወሬው እውነት ነው፤ ለሚኒባሱ ረዳት ያወራሁትም እኔው ነኝ። አቅም ያነሰው ግን ኮምፒውተሬ ነው፤ ካርዱም የሐኪም ቤት አይደለም።

ሰላምታው መቅደም ነበረበት፣ ይቅርታ። እንደምን ከርመሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ቦታ አያመኝም።

ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይዛ የመጣችው ሃያት፣ የላክሽውን በሶ፣ ማርና ስምንት መቶ ብር በእጄ ሰጥታኛለች። ለማንም ሳይናገር ቶሎ ይታከምበት ማለትሽንም አልደበቀችኝም። በሶውን በላሁት። ጤነኛ ሰው የበሽተኛ በሶ ሲበላ መጀመሪያ ያፍራል፤ በሦስተኛው ቀን ይለምደዋል። የብሩን ነገር ግን ልናዘዝልሽ ነው።

በጥር የቀረጽኩትን የቡሬ ሠርግ ለፋሲካ ካላደረስኩ ቀብዱን እንድመልስ የሙሽራው ወገን ቁርጡን ነግሮኛል። ቀብዱ ደግሞ የቤት ኪራይ ሆኖ ካለቀ ቆይቷል። ልመልስ ብል ካሜራውን መሸጥ ነው፤ ካሜራ የሌለው ፎቶ ቤት ደግሞ መስተዋትና ማበጠሪያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሙሽሪት ከአባቷ ቤት የምትወጣበት ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጭፈራውንም ጠጁንም ሳይደናቀፍ ያሳልፋል፤ እዚያች ላይ ሁልጊዜ ይቆማል።

ሲፒዩውን ከነሳጥኑ ተሸክሜ ባሕር ዳር ወሰድኩት። ጠጋኙ ኑዕማን ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን ሲያራግፍ ቆየና፣ ምስሉን የሚሠራው ካርድ መቀየር አለበት፣ እሱ ብቻውን ከተቀየረ ግን መብራት የሚመግበው አሮጌው ፓወር ሳፕላይ አቅም አንሶት አይሸከመውም አለኝ። እዚያች ቦታ ላይ የሚያቆመው ካርዱ መሆኑን ደግሜ ጠየቅኩት።

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለኝ።

እኔም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ተቀበልኩ። በኪሴ የያዝኩት ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ ስለማይበቃ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሳምንቱ ያንቺ ብር ደረሰ።

ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ እስከ መናኸሪያው ድረስ አሰብኩ። ከዚያ የባሕር ዳሩ መኪና ቀድሞ ሞላ። ኑዕማን ካርዱን ከተዘጋ የጌም ቤት ያገለገለ ፈልጎ አገኘልኝ። በፓወር ሳፕላዩ ግን አልቀለደም። የተጻፈበትን አትመን ብሎ ሁለት በሁለት እጄ አስያዘኝ። ሁለቱም አምስት መቶ ዋት ይላሉ፤ አንዱ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ከባዱን ወሰድኩ። በአሮጌው ሳጥን አልገባ ስላለ የሳጥኑን ጎን በብረት መጋዝ ቆርጠን ከተትነው፤ አሁን ሆዱ ክፍት ነው።

ስመለስ አከራዬ እማማ ሀብትነሽ ጠበል ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ጠየቁ። አቅሙን በአዲስ ቀይሮታል፣ ካርዱ ግን ሰው የተገለገለበት ነው አልኳቸው። በሰው ካርድ ታክሜ መምጣቴ በጣም አሳዘናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይረጩብኝ ጠበሉን ቶሎ ጠጣሁት።

ከሰኞ ጀምሮ ይሠራል። እዚያች ቦታ ሲደርስ አሁን አይቆምም፤ ያልፋል። ፊልሙ ትናንት አለቀ፣ ካሜራውም አልተሸጠም። ታሞ የዳነ ሰው ሐኪሙን ያመሰግናል፤ ሳይታመም የታከመ ሰው ግን ምስጋናውን የሚያካፍለው ስለሌለ ሙሉው ያንቺ ነው። መናኸሪያ ሙሉ ሰው ወሬዬን ሰምቶ ሲሳፈር፣ ሰምታ በሶ የፈጨች አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን በቀልድ አልጻፍኩትም።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያድርስሽ። ቤትሽ ይሙላ፣ እጅሽ አይንጠፍ፤ ብትታመሚም ወሬሽ ፈጥኖ የሚደርሰው ሰው አይጥፋ።

ያልታመመው አብሮ አደግሽ

ሲዲዎቹን ለባለቤትሽ በሃያት እጅ ልኬያለሁ። ከአባትሽ ቤት ስትወጪ አሥራ አንድ ሰከንድ ወደ ካሜራው አይተሻል፤ ያቺን ቦታ ከፊልሙ ቆርጬ እኔ ዘንድ አስቀርቻታለሁ።