ሰፊው ሌንስና ያልቀረልኝ ፊትህ

ውዴ አለባቸው፣

ይኸው ከተለያየን ሰባተኛው ክረምት ወጣ። ደመናው ከጎሃ ተራራ ራስ ላይ ተነሥቶ ከተማው ታጥቦ ሲገለጥ፣ አንተ ካሜራህን አንግተህ የምትወጣበት ወቅት ነው። እኔም ዛሬ ፎቶ ቤቱን ቀደም ብዬ ዘግቼ ልጽፍልህ ተቀመጥሁ።

ፎቶ ቤታችን አልተዘጋም። አንተ ስትሞት «ሴት ፎቶ አንሺ ደግሞ የት ታይቶ ያውቃል?» ያሉት ሁሉ ዛሬ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» እያልሁ አነሣቸዋለሁ። ጡት ላይ ጥለሃት የሄድሃት ልጃችን የሺ ትምህርት ቤት ገብታለች። ጥያቄዋ አያልቅም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሌንሱ ነው።

ያን ጊዜ በነበረህ ሌንስ የስሜን ተራራ አልገባልህ ብሎ እንዴት ትበሳጭ እንደነበር አስባለሁ። ያደግህበትን ገደል ለእኔ፣ ከኮላ ድባ ሜዳ መጥታ ገደል አይታ ለማታውቀው ሚስትህ፣ ልታሳየኝ ነበር ጉጉትህ። ፎቶ ባመጣህ ቁጥር ወይ ጫፉ ተቆርጧል፣ ወይ ሥሩ ቀርቷል። «ይኸ እኮ ተራራው አይደለም፤ የተራራው ክንድ ነው» እያልህ ትጥለው ነበር።

በኋላ አንድ ነጋዴ ከአስመራ ሁለት ሌንሶች ይዞ መጣና ሞክረህ እንድትመርጥ ሰጠህ። የሺን አዝዬ አብረን ጎሃ ወጣን። አንደኛው መጠነኛ ነበር፤ የጎንደርን ግንብና ዙሪያውን ያስገባል፣ ሰው ቢቆምም መልኩ ይለያል። ሁለተኛው ግን ከግንቡ እስከ አዘዞ ሜዳ ድረስ ሁሉን ይውጣል። በካሜራው ብመለከት ግንቡ የክብሪት ቀፎ አከለብኝ።

«ሁሉን ያስገባል፣ ሁሉን ግን ያሳንሳል» አልሁህ።

«ለሰው ያለን ሌንስ ይበቃል፤ ይኸ ለአገሩ ነው» አልኸኝ።

ደስታህን አይቼ «እንግዲያ ሰፊውን ውሰድ» አልሁ። ሸጋ ምርጫ መስሎን እየሣቅን ወረድን።

በጥቅምት ከባለበቅሎው ከአያ ፈንቴ በቅሎ ተከራይተህ፣ እሳቸውንም አስከትለህ ስሜን ወጣህ። ጉሙ እስኪገለጥ ስትጠብቅ ብርዱ ደረትህ ገባ። እያሳልህ ተመለስህ። «አገኘሁት፣ ሙሉውን አገኘሁት!» እያልህ ፊልሙን በእጅህ አጥበህ ሰቀልኸው፤ ከዚያ ተኛህ። ጥምቀትን ሳታይ ቀበርንህ።

ከአርባህ በኋላ ጨለማው ክፍል ገብቼ ፎቶዎቹን አወጣኋቸው። እውነትህን ነበር፤ ሙሉው ነበር። ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል፣ ከዚያም ሰማዩ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ አፋፉ ጫፍ የቆመ አንድ ሰው አየሁ። አንተ መሆንህን ያወቅሁት በካፖርትህ ነው። ቁመትህ የገብስ ፍሬ አያህልም።

ሌላ ፎቶ ፈለግሁ፤ ቤቱን ሁሉ በረበርሁት። በሠርጋችን ቀን እንኳ አንሺው አንተው ነበርህ። «ቁም፣ አንድ ጊዜ ላንሣህ» ስልህ «እኔን በየቀኑ ታዪኝ የለም?» ብለህ ትስቃለህ። በየቀኑ የማይህ መስሎን ሁለታችንም ተታለልን። የከተማው ሰው ሁሉ ፊት በእጅህ አልፎ፣ ያንተ ብቻ ሳይቀርልኝ ቀረ።

ያችን ፎቶ ስንት ጊዜ አጎላኋት መሰለህ። ባሰፋኋት ቁጥር ፊትህ ይበተናል፤ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሺ «አባቴ የቱ ነው?» ስትለኝ በመርፌ ጫፍ አሳየኋት። አተኩራ አየችና «እማዬ፣ ይኸ እኮ ጅብራ ነው» አለችኝ። እዚያ አፋፍ ላይ ብቻውን የሚቆመውን የደጋ ተክል ነው ያሰበችው። ወጥቼ አለቀስሁ።

ዘንድሮ የሺን ይዤ ስሜን ወጣሁ። አንተ ልታሳየኝ የደከምህበትን ገደል በዓይኔ አየሁት፤ አጠገቤ አለመኖርህ ግን አንጀቴን በላው። አያ ፈንቴ አርጅተዋል፤ ቦታውን ግን አልረሱትም። ካሜራውን አስተካክለህ «ይችን ይጫኑ» ብለህ እንዳሳየሃቸው ነገሩኝ።

«ወዲህ ቅረብ፣ ፊትህ አይታይም አልሁት» አሉኝ። «ገደሉ ይታይልኝ አለኝ። ምነው አንድ አምስት እርምጃ ጎትቼው ቢሆን፣ ልጄ!»

አምስት እርምጃ፣ አለባቸው። ያን ሌንስ እኔም ቆይቼ ነው የለመድሁት። የራቀውን ያሳንሳል እንጂ፣ ሰው ቀርቦ ከቆመ ፊቱንም አገሩንም አንድ ላይ ይይዛል። አንዱን ለማግኘት አንዱን መተው አልነበረብንም። ይኸን ሳናውቀው መቅረታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሺን ካሜራው አጠገብ አቆምኋትና ከነገደሉ አነሣኋት። ፀሐዩ ሲመታት ግንባሯን ቋጠረች። አያ ፈንቴ «ቁርጥ አባቷን!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን አንተም እንደዚያ ትቋጥር እንደነበር ረስቼው ነበር።

የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ጠባሳህ በቀኝ ቅንድብህ ላይ ነበር ወይስ በግራ? አንዳንድ ቀን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ የቀረኝን ሁሉ ለየሺ መንገር ጀምሬያለሁ። ዛሬ ጥርስህ ፍንጭት እንደነበር ነገርኋት። ነገ ደግሞ ከአፍህ በፊት ዓይንህ እንደሚስቅ እነግራታለሁ። በቃሏ እስክትይዝህ ድረስ አላቆምም።

ነፍስህን በደጉ ቦታ ያኑርልኝ።

ሚስትህ ጥሩነሽ
ጎንደር