ከ768 በላይ አትንካ

ሰኞ
ዛሬም ሌላ ስህተት አገኘ። አባዬ የእንሰት ዓይነቶችን ስም በጌዴኦኛ እየሰበሰበ ላፕቶፑ ላይ መጻፍ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን አስተካክሎ የጻፈው ቃል በማግስቱ ሲከፍተው ፊደሉ ተሳስቶ ይጠብቀዋል። «ልጄ፣ ስንት ዘመን ፊደል ያስተማርኩ ሰውዬ እንዴት እንዲህ እጽፋለሁ?» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው» አለ።

ማክሰኞ
ማሽኑም ደህና አይደለም። ትናንት ሁለቴ ስታክ አደረገ። ወደ ሥራ ቦታዬ፣ ወደ ኮሌጁ ኮምፒውተር ላብ ወስጄ በሜሞሪ መመርመሪያ ሲዲ አስነሣሁት። ሁለት ሰዓት ያህል ሲመረምር ቆይቶ ቀይ መስመር ደረደረልኝ። ስምንት መቶ ሜጋባይት ገደማ ላይ ያለው ቦታ ተበላሽቷል፤ እዚያ ያረፈ ፊደል ተለውጦ ይወጣል። ደስ አለኝ! ሰው በተበላሸ ማሽን እንዲህ ይደሰታል?
ግን ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ አይነቀልም። ፋይሉን እንዳልገለብጥ ሲገለበጥ በዚያው በተበላሸው ቦታ አልፎ የባሰ ሊበላሽ ይችላል። ሌላ ኮፒ የለም። ስንቴ ነግሬው ነበር! እኔስ ራሴ ለምን አልገለበጥኩትም?

ረቡዕ
በዊንዶውስ ፋንታ የጫንኩለት ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሲነሣ «ከዚህ በላይ ያለውን ሜሞሪ አትንካ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ማስነሻው መስመር መጨረሻ ላይ mem=768M ብሎ መጻፍ ነው፣ በቃ። በችኮላ ጻፍኩ። ኢንተር። ስክሪኑ ጠቆረ።
አምስት ደቂቃ። አሥር። የአባዬን ሦስት ዓመት በአንድ ኢንተር ገደልኩት አልኩ።
አብራኝ የምትሠራው ብርቄ፣ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለችኝ። የጻፍኩትን ነገርኳት። «ኤሟስ የታለች?» አለች። M ረስቻለሁ! ያለ M ቁጥሩ ሜጋባይት አይደለም፣ ባይት ነው። በሰባት መቶ ስድሳ ስምንት ባይት ተነሣ ብዬዋለሁ፤ በዚያ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አይያዝም። ደግነቱ እንዲህ የተጻፈ ትእዛዝ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ዲስኩንም አይነካም። አጥፍቼ አበራሁና ከነ M ጻፍኩ። ተነሣ።
ፍላሽ ላይ፣ ሲዲ ላይ፣ የላቡ ማሽን ላይ ገለበጥኩ፤ ትእዛዙንም ሁሌ እንዲሠራ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ
ለአባዬ ነገርኩት። «እና ማሽኑ ነው?» «ማሽኑ ነው፣ አባ።» እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።
ስህተቶቹ ሥርዓት አላቸው። በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፤ a የነበረው ሁሌ e ሆኗል፣ h የነበረው l፣ k የነበረው o። በዘፈቀደ አይለወጥም። ስለዚህ የማሽኑን ስህተት ከሌላው መለየት እችላለሁ።
ከሌላው! ይህን ስጽፍ ፍርሃቱ ተመለሰብኝ።

ዓርብ
ከሥራ ቀርቼ አንድ በአንድ ስለይ ዋልኩ። የማሽኑ፣ የማሽኑ፣ የማሽኑ። እፎይ ልል ስል አንድ ማስታወሻ አገኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት የተጻፈ፦ «ለዚህ ስም ጨለለቅቱ ሄጄ ወንድሜን ልጠይቅ።»
አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ጨለለቅቱ ይኖር የነበረውን አጎቴን ግን ዓምና ቀብረነዋል። አባዬ ራሱ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ነበር።
ማሽን እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም። ልሰርዘው? ማን ያውቃል? ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ቅዳሜ
አልሰረዝኩትም። ጠዋት፣ «ሁሉም የማሽኑ ነው አይደል?» ሲለኝ መዋሸት አቃተኝ። አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደገመው። «ይሄ የእኔ ነው» አለ።
ምናልባት ተዘናግቶ ይሆናል። ወንድሙ ነው፣ ይናፍቀዋል። ምናልባትም አይደለም።
«ሰኞ ሐኪም ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለኝ። እሄዳለሁ አልኩት። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና በሁለት ጣቱ እየለቀመ ከመስመሩ ሥር ጻፈ፦ «ወንድሜ አርፏል። ሌላ ሰው ይጠየቅ።» «ሴቭ አድርጊልኝ» አለኝ። አደረግኩ።
ሰኞን ፈርቻለሁ።