ከመርከቧ የወረደው ሳጥን

ሳውዝሃምፕተን

ይድረስ በአንድ ወቅት የልቤ ለነበርከው፤

ሐኪምን «ጤናህ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስቃል፤ ግን ሰላምታ ሰላምታ ነውና እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? ጥርሴን ነክሼ ነው የጠየቅሁት፣ ታውቀኛለህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አንተ ሐኪም እኔ ነርስ ሆነን የሠራንባት መርከብ ልትፈርስ መሸጧን ሰምተሃል? ከመሄዷ በፊት ዕቃዋን ወደቡ ላይ በጨረታ ሲሸጡ እኔም ሄድኩ። ሰው ሁሉ ለመስታወቱና ለሸክላው ሲጋፋ፣ ያንተ የመድኃኒት ሳጥን ጥግ ላይ ተጥሎ ነበር። ማንም ስላልፈለገው ወሰድኩት።

ለምን እንደወሰድኩት ታውቃለህ። ከትልቁ የዓለም ጦርነት በፊት ልጃችን ከመርከቧ የወጣው በእሱ ነው። ሳይተነፍስ ተወለደ አልከኝ። የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ ብልህ፣ «የማደንዘዣው ሥራ ነው የኔ ቆንጆ፣ ስንቷ ሴት ትሰማለች» አልክ። ተሳፋሪ ሬሳ እንዳያይ ብለህ፣ አየርላንድ ስንደርስ ሳጥኑን ይዘህ ወደ የብስ ወደምታደርሰው ጀልባ ወረድክ። በመስኮት አየሁህ። አንዱ መርከበኛ ሊያግዝህ ሲል ገፍተኸው፣ ሳታጋድለው በሁለት እጅህ አቀፍከው። ከሐዘን መስሎኝ ያን ቀን ይበልጥ ወደድኩህ። ቀበርኩት ብለህ ተመለስክ። እኔም ከዚያ ጉዞ በኋላ መርከብ አልረገጥኩም። መቃብሩ የት እንደሆነ ንገረኝ ብዬ በጻፍኩልህ ቁጥር «ቁስል አትነካኪ» ትለኝ ነበር።

ሳጥኑ ቤቴ ከገባ ወዲህ ያ ልቅሶ ተመልሶ መጣ። ያውም በጠራራ ፀሐይ! ሻይ ልጥድ ስል ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል። ሄጄ ሳየው ዝም ይላል። ፈራሁ። አበደች እንዳልባል ለሰው ሳልነግር ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሚስስ ፔቲክ መጣች። ባሏ የወደብ ተሸካሚ ነው፤ የሷ ምላስ ደግሞ ዕረፍት አያውቅም። የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ይሁንሽ ብላ ሳጥኑን ስታገላብጥ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ፣ ሐኪሞችሽ ድመት ነበር እንዴ የሚያሳድጉበት?» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብላት ጣቷን በጎኑ አስገብታ አሳየችኝ። ከእጀታው ሥር በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ፣ ከአጠገቡ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። «የመድኃኒት ሳጥን እኮ እርጥበት እንዳይገባው ድፍን ነው። ምን ዓይነት ጅል ነው የበሳው?» አለች።

ጅል እንዳልነበርክ እኔ አውቃለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ጣቴን አስገባሁ። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ በውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት ለስልሷል። ሕፃን እንዳይቧጭር ተጠንቅቀሃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቅሶው የለም፤ ዝምታው ግን ብሶብኛል። ገበያ ስወጣ የጎልማሳ ወንድ ፊት ሁሉ አፍጥጬ አያለሁ። እብድ መስያቸው ይሸሹኛል።

አልከስህም፤ ባለቤትህም ከኔ አትሰማም። እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፣ ቢያንስ መልስህ እስኪደርሰኝ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፤ ስሙን። እኔ በልቤ ያወጣሁለትን አይደለም። ሲጠሩት አቤት የሚልበትን።

የልጅህ እናት