በረኛው ወንድምሽና የእድሩ ማልያ

አሰላ
ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኤፍራታ፣

እዚያ አሜሪካ ብርዱ እንደገባ ሰምቻለሁ፤ ስታዲየም ስትሄጂ ደረትሽን ሸፍኚ። እኛም ጋ ጭላሎ ማለዳ ማለዳ ብርዱን ይለቅብናል። ስንዴው ደርቆ ቆሟል፣ ኮምባይነሩም በሁሩታ በኩል ጀምሮ ወደዚህ እየመጣ ነው ይላሉ። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም አለሁ፤ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር የሚሠራውን እየሠራሁ፣ ማለትም በማይመለከተኝ ነገር ሁሉ እየተቆጣሁ።

በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር አለኝ። ስንደዋወል እናትሽ አጠገቤ ሆና «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች፣ የምናወራበት ስልክም የወንድምሽ የበእውቀቱ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዕዝራ ወደዚያ ስለሚመጣ ይህን በእጁ ይሰጥሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስለ ኳስ በኢንተርኔት በእንግሊዝኛ የምትጽፊውን ሁሉ በእውቀቱ እራት ላይ እየተረጎመ ያነብልን እንደነበር ታውቂያለሽ። ሦስተኛ ማልያ የሚሉት ነገር ደጋፊን መዝረፍ ነው ያልሽውን፣ ማልያ ላይ የስፖንሰሩ ኢንሹራንስ ስም ከክለቡ ዓርማ ይበልጣል ብለሽ የተናደድሽበትን፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ዓርማ ይለወጣል ስትዪ እኔም አብሬሽ ተናደድኩ። አንድ ክለብ ከነስሙ ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ ያልሽ ዕለት ግን እናትሽ አላመነችም። «ሜዳውንስ ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀች። በእውቀቱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውኃ አነቀው። «እህቴ እኮ ከዳኛ ትብሳለች» ይል ነበር። ያኔ ቤታችን ደስ ይል ነበር፣ ኤፍራታ።

ስለ እኛ ማልያ የጻፍሽውንማ ደግሞ እንዲያነብልኝ አድርጌያለሁ። የሠፈሩ ልጆች የእድሩን ድንኳን ይተክላሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሳጥን ይሸከማሉ፤ እድሩ ደግሞ ማልያ ይገዛላቸዋል ብለሽ ለአሜሪካኖቹ አስረዳሻቸው። ማልያው ቡናማ የሆነው የመቃብር አፈር እንዳይታይበት ነው ያልሽውም እውነት ነው፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደረቱ ላይ «መረዳጃ እድር» የሚል ማልያ በዓለም ላይ የለም፣ ደጋፊውን ሞቶም የማይጥለው ክለብ ይሄ ብቻ ነው አልሽ። ሰዎች ከየት እንግዛው እያሉ ጠየቁሽ። ሁሩታ ስንጫወት «ቀባሪዎች መጡ!» ሲሉን ልጆቻችን «ቁመታችሁን ንገሩንና እንቆፍር» ብለው ይመልሱ የነበረውን ግን ሳትጽፊው ቀረሽ። ቅር ብሎኝ ነበር።

ያ ማልያ ዛሬ የለም።

የእናትሽ የአጎት ልጅ ኃይለመስቀል አደባባዩ አጠገብ ቤቲንግ ቤት፣ ያው የኳስ ቁማር ማስያዣ፣ እንደከፈተ ነግሬሻለሁ መሰለኝ። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማልያ ይዞ መጣ። ሎሚ ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደረቱ ላይ የቤቱ ስም፣ ጀርባው ላይ «ዕድልዎን ይሞክሩ»። ታኬታም ጨመረበት። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ አይሆንም አልኩ። የተቃወመኝ ማን ይመስልሻል? ወንድምሽ ነው። «አባዬ፣ እድሩ የሚያስበን ስንሞት ነው። እኛ ደግሞ የምንጫወተው በቁማችን ነው» አለኝ። ልጆቹ አጨበጨቡለት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አነጋገሩ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ ከእኔ ጋር እጁን ያወጣ አልነበረም።

የኃይለመስቀል ውል ማልያው ከሜዳም ውጭ ይለበስ የሚል ነበር። ልጆቹም ውል አክባሪ ሆኑልሽ። ወፍጮ ቤት የነበሩት ኦቦ ነጋሳ ጥቅምት ላይ ሲያርፉ፣ ድንኳን ሊተክሉና ሳጥን ሊሸከሙ የመጡት ያንኑ ለብሰው ነው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አዲስ ልብስ ስለሆነ ለለቅሶም የሚመጥን መስሏቸዋል። ልጃቸው ሶረቲ «አባኮ! አባኮ!» እያለች ከሳጥኑ ኋላ ስትሄድ ቀና አለችና የተሸካሚዎቹን ጀርባ አነበበች። ቆመች። «አባቴ የትኛውን ዕድል ነው የሚሞክረው?» አለቻቸው። ልጆቹ ሳጥኑን አውርደው፣ ማልያቸውን እዚያው ገልብጠው ለበሱና መንገዱን ቀጠሉ። ጽሑፉ በግልባጩም ይታይ ነበር።

በሳምንቱ የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደጻድቅ እድሩ ከቡድኑ ጋር ያለውን ነገር እንዲያቋርጥ ሐሳብ አቀረቡ። እኔም እጄን አወጣሁ። ፀጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ያቋቋምኩትን ቡድን በገዛ እጄ አስወጣሁት። አሁን ድንኳን የሚተክሉልን የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በእውቀቱ ጠዋት የሚገባው እዚያ ቤቲንግ ቤት ነው፣ የሚወጣውም ሲዘጋ ነው። አንቺ የጻፍሽውን ማንበብ ትቷል። ስጠይቀው «ምንም አልጻፈችም» ይለኛል፤ እኔ ግን መጻፍሽን ከሌሎች እሰማለሁ። ኃይለመስቀል ፊት ለፊት በአውሮፓ ጨዋታ ያስይዛል፣ በጓሮ በር ደግሞ በእኛው በሠፈር ጨዋታ። ይህን የማያውቅ የለም፤ እናትሽ ብቻ ናት ዘመዴ ነው ብላ የማታምነው።

ባለፈው እሁድ ሳጉሬ ሄደን ተጫወትን። ያሸነፈ ለዋንጫ ያልፋል። ከልጆቹ ጋር ተኳርፌ ነበር፣ ግን እግሬ አላስቀመጠኝም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩና ከጎላችን ጀርባ ቆምኩ። ልጆቻችን እንዴት እንደተጫወቱ ብታዪ! አምበሉ ለታ ብቻውን ሦስት ሰው ያህል ሮጧል። ጎል ሳይገባ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሩቅ አንድ ኳስ ተመታች። ጠንካራ አልነበረችም። መሬት ለመሬት እየተንከባለለች መጣች። በእውቀቱ ሲያያት አየሁት። ደግሞ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ልጄ፤ ጓሯችን ውስጥ፣ ጭድ ላይ እያስወደቅሁ። ኳስ ሲመጣበት መጀመሪያ ግራ እግሩን ትንሽ ያነሣል። አላነሣም። ቆየና፣ ካለፈችው በኋላ ወደቀ።

ይሄም ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ግን ጎል የገባበት በረኛ ሁሉ ዞሮ መረቡን ያያል፤ የአሥር ዓመት ልጅም ይሁን ትልቅ ሰው፣ ዞሮ ሳያይ አያምንም። በእውቀቱ አልዞረም። ፊቱን መሬት ላይ አድርጎ ቀረ። ለታ መጥቶ አነሣው፣ አቀፈው፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም ተሳስተናል» አለው። ይህን ስሰማ ከመረቡ ኋላ የምገባበት አጣሁ።

እቤት ስንገባ እናትሽ እራት አቀረበች። እሱ አልነካውም። «ኳሷ ነጠረችብህ እንዴ?» አልኩት። ብዙ አየኝ። «አዎ አባዬ፣ ነጠረች» አለና መብላት ጀመረ። የሳጉሬን ሜዳ ታውቂዋለሽ፤ ጎሉ ጋ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ሰበቡን አጉርሼው ዋጠልኝ። እኔ ግን እህል አልወርድልህ አለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ልጁ በዚህ ሠፈር አይኖርም፤ እድር የማይቀበለው ሰው፣ ለታ ሰላም የማይለው ሰው ይሆናል። የት እንደሚሄድም አውቃለሁ፤ ከዚህ የሄዱት ልጆች የት በረሃ እንደቀሩ አንቺም ሰምተሻል። ዝም ብል ደግሞ የሚቀጥለውን ጨዋታ ቆሜ ማየት ሊኖርብኝ ነው። በየጠዋቱ ልነግረው እነሣለሁ፣ ጫማውን ሲያስር አየዋለሁ፣ አቅቶኝ እቀመጣለሁ። መምህር ሆኜ የስንቱን ሰው ልጅ እንዳልገሠጽኩ ለራሴ ልጅ አፍ አጣሁ። ቁጣ የነበረኝ ሰው ነኝ፤ ቁጣዬም ጠፋብኝ።

አሁን የምፈራው አንቺን ነው። ያቺን ጎል አንድ ሰው በስልኩ ቀርጿት ነበር። ለታ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ቪዲዮውን በማግስቱ ለኤፍራታ ልኬላታለሁ። የበረኛ ጥፋት እንዳልሆነ ትጻፍልን፤ በእውቀቱ በጣም ተጎድቷል» አለኝ። ለጓደኛው አዝኖ ነው ምስኪን። አንቺ የአንድ ተከላካይ የጫማ ገመድ መፈታት ታያለሽ እኮ። ዳኛ ያለፈውን ታያለሽ። የወንድምሽን ግራ እግር አታዪም?

አትጻፊበት። ስለ ቤቲንግ፣ ስለ ስፖንሰር፣ ስለ ማልያው የፈለግሽውን ጻፊ፤ ልክ ነሽ፣ ሁሌም ልክ ነበርሽ፣ እኔም ከጎንሽ ነኝ። በዚያች ኳስ ላይ ብቻ አትጻፊ። ለእናትሽም እንዳትነግሪያት።

እንዲህ ልልሽ ተቀምጬ ሳለ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ለታ ከላከልሽ ቀናት አልፈዋል። አንቺ ጨዋታ ባየሽ ማግስት የምትጽፊ ሰው ነሽ። እስካሁን አንዲት ቃል አልወጣሽም፤ ትናንት ስትደውዪም ስለ ጨዋታው አልጠየቅሽኝም። ስለ ስንዴው ጠየቅሽኝ። ስለ ስንዴ ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ ልጄ።

አንድ ልመና አለኝ። ጭፍግግ ያለ ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ዓይኔም ደክሟል፣ የቆምኩትም መጥፎ ቦታ ላይ ነበር። ይህን ስትጨርሺ በራስሽ እጅ «አባዬ፣ ደጋግሜ አየሁት፤ ተሳስተሃል፣ ኳሷ ነጥራለች» ብለሽ ጻፊልኝ። ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ።

ባትነጥርም ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ ወጥተሽ የምትገቢበትን ደጅ ይባርክልሽ፣ ወንድምሽንም እንደ ቀድሞው ያድርግልኝ።

አባትሽ
እንደሻው