ድንበር የገባበት የግድግዳ ጌጥ

ማክሰኞ

ስፌት ቤቴ በር ላይ መስቀሌ ነው ጥፋቱ። ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ የሠራሁት ትንሽ የግድግዳ ጌጥ ነው። ጅሬን ሰፈር ካፌ የምትከፍተው ሰሚራ አይታ ወደደችው፤ "ለቅዳሜ መክፈቻዬ አድርሺልኝ" አለች። እስከዛሬ የእኔን የተጣጣፈ ጨርቅ የፈለገ ሰው የለም። ባሌ እንኳ "እግር መጥረጊያ ነው?" ነው ያለኝ።

ከሰዓት ጎረቤቴ አስካለ መጣች።

"ይቺ ብርቱካናማ የኔ ቀሚስ ናት። ከጎኗ ያለችው አረንጓዴስ?"

አረንጓዴዋ የሌላዋ ጎረቤቴ የዘይነባ የዒድ ቀሚስ ናት፤ አስካለም አውቃታለች። የአስካለ ዶሮ የዘይነባን የተሰጣ ቡና ጭራ ከበተነች ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም።

"ተርትሪና አርቂኝ!" ብላ ወጣች።

ረቡዕ

ወሬው ዘይነባ ጋ ደርሷል።

"ወላሂ ከሷ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ አልውልም! ማሎ፣ እባክሽ አውርጂኝ!"

ጨርቅ መሆኑን ሁሉም ረስቶታል። ላወጣቸው ብል መሃሉ ባዶ ይቀራል፤ ጌጡን ያሳመሩትም እነሱ ናቸው። ካላወጣሁ ደግሞ ከሁለቱም ተጣልቼ እዚህ ቦሳ ኪቶ ሰፈር እንዴት እኖራለሁ? በጣም ጨንቆኛል።

ሐሙስ

ብልሃት መጣልኝ። መሃላቸውን ተርትሬ ከራሴ አሮጌ ቡናማ ቀሚስ ቀጭን ቁራጭ አስገባሁ። ድንበር!

ባሌ፦ "አሁን ደህና እግር መጥረጊያ ወጣው።"

ምሳውን ሳላሞቅ ሰጠሁት።

ዓርብ

ሁለቱም ድንበሩን ሊያዩ መጥተው በር ላይ ተገጣጠሙ። ስፌት መኪናዬ ሥር ብገባ በወደድኩ።

ሁለቱም ወደ ጌጡ ተጠጉ። ከዚያ አስካለ፣ "ይሄ መሃል የተጋደመው ጭቃ ምንድነው?"

ዘይነባ፣ "እኔም ልላት ስል! ሁለታችንንም ገደለን እኮ።"

አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቀሚሴን አሙልኝ፣ እዚያው ፊቴ። ከቀሚሴ ወደ ዶሮዋ አለፉ። ዘይነባ ዶሮዋ ስትጭር እያስመሰለች አሳየች፤ አስካለ እስክታነባ ሳቀች።

ሲወጡ በአንድ ድምፅ፣ "ተርትሪው!"

ቅዳሜ

ማልጄ ራሴን ተርትሬ አወጣሁና ሁለቱን አጋጠምኳቸው። እውነት ለመናገር አምሯል። ሰሚራ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሰቀለችው። አስካለና ዘይነባ ከሥሩ ተቃቅፈው ቆሙ፤ ልጠጋ ስል ስልኩን አቀበሉኝ። ፎቶ አንሺያቸው እኔ ሆንኩ።

ደስ ብሎኛል። ትንሽም ተናድጃለሁ።

ስመለስ ያቺ ዶሮ እንደገና የዘይነባ ቡና ላይ ወጥታለች። ግራ ቀኝ አየሁ፤ እሽ ብዬ አባረርኳት። የበተነችውን በእጄ ሰብስቤ፣ ማንም ሳያየኝ ቤቴ ገባሁ። ያየኝ ያለ አይመስለኝም።