አሜሪካኖቹን አቆረብኳቸው

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

የአሜሪካኖቹን አስቂኝ ድራማ ሁለተኛ ሲዝን ዛሬ ጨረስነው። የዚህ አገር ቴሌቪዥን በፈረንሳይኛ ያወራል፣ እኔ ለእማዬ በአማርኛ እተረጉማለሁ። ያለ እኔ አንዱም ቀልድ አይገባትም።

አንድ ቤት የሚኖሩትን ወንድና ሴት ገና ከጅምሩ «ባልና ሚስት ናቸው» ብያት ነበር። አለዚያማ «ዝጊው!» ነበር የምትለኝ። ዛሬ ታዲያ በመጨረሻው ክፍል ልጅቷ ቬሎ ለብሳ ብቅ አትልም!

«ተጋብተው የለም እንዴ?» አለች እማዬ።

እኔ ደግሞ መልስ አጥቼ አላውቅም። «ያኔ በማዘጋጃ ቤት ነው የተፈራረሙት። አሁን ሊቆርቡ ነው» አልኳት።

እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታችን ፋጡማ ምን ተገኘ ብላ ሮጣ መጣች። በችሎታዬ ኮራሁ። ባለቤቴ ዳንኤል ከወደብ ሥራው አርፎ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ሳቁን በትራስ አፈነ።

እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔና ወደ ዳንኤል ዞረች።

«አሜሪካኖቹ እንኳ ቆረቡ። እናንተ በማዘጋጃ ቤት ወረቀት እስከ መቼ ነው የምትኖሩት?»

ዳንኤል ትራሱን አስቀመጠ። እኔም ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርኩ። የሚስቁት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻ ነበሩ።